ሁለተኛው እሺ

ባልቴቷ የሞቱት ቁጭ ብለው ነው። አንገታቸው እንኳ አልዘነበለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም አንገታቸውን ያልደፉ ሴት፣ ለሞትም አልደፉለትም።

ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የመድኃኒት መያዣቸው ተቀምጧል፤ ሰባት ክዳን ያለው፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ። ዕለቱ ሰኞ ነው። የተከፈተው ግን የሰኞ ክዳን ብቻ አልነበረም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም አፋቸውን ከፍተው ያዛጋሉ።

«የአራት ቀን የልብ መድኃኒት፣ በአንድ ጠዋት» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «የጤነኛ ሰው ልብም አይችለው። የእሳቸው ደግሞ በልመና ነበር የሚመታው።»

ኢንስፔክተሯ መያዣውን ለማየት ጎንበስ ስትል ጉልበቷ ቋ አለ። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ምላሷም ቀጭን ነው። ጣቢያ ውስጥ ፊት ለፊቷ «አለቃ»፣ ዞር ስትል «መርፌዋ» ይሏታል። መስማቷን ያውቃሉ፤ ማወቃቸውን ታውቃለች፤ እንዲህ እንደተዋወቁ ይኖራሉ።

ከግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የታተመ የመድኃኒት ዝርዝር ተለጥፏል። በስተግራ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች አንዲት ቀጭን ግራጫ መስመር ወርዳበታለች። ዓይኗ መስመሯን አየና አለፋት።

«ማን ነው ያገኛቸው?»

«እኔ» አለች አስታማሚዋ ከበሩ ጥግ። የገበያ ዘንቢሏን ገና ከእጇ አላወረደችም። «ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ አራት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። የዛሬውን ዓይኔ እያየ ነው የዋጡት። አንዴ ብቻ!»

«ዓይኗ እያየ!» ከኮሪደሩ ጩኸት መጣ። የባልቴቷ ልጅ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ከነነጭ ጋውኑ ነው የደረሰው። «የምትሞላው እሷ፣ የምታቀርበው እሷ! እናቴ ዓይኗ ጠፍቷል፤ የቀረበላትን ነው የምትውጠው። ምን ትጠብቃላችሁ? ካቴናው የታለ?»

«ዶክተር፣ ካቴናው የእኔ ሥራ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጥርሴን ሲያመኝ እርስዎን እጠራለሁ።»

አስር አለቃው ሳቁን በማስታወሻ ደብተሩ ከለለ። ወፍራም ነው፣ የዋህ ነው፣ ጣቶቹ እንደ ሻማ የወፈሩ ናቸው። በኋላ ከእነዚያ ጣቶች አንዱ ነገሩን ሁሉ ይገለብጠዋል፤ ለጊዜው ግን ይጽፋሉ።

«አንቺ፣ ተናገሪ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እማማ ማንንም አይሰሙም ነበር፣ እትዬ» አለች አስታማሚዋ። «ልጃቸው ቢለምን እምቢ። ሐኪም ቢቆጣ እምቢ። የሚሰሙት ጋሼን ብቻ ነበር።»

«ጋሼ ማን ነው?»

«ባላቸው ናቸዋ።»

«የት አሉ?»

«ከሞቱ አራት ዓመታቸው።»

የአስር አለቃው እስክሪብቶ ቆመ። አስታማሚዋ መደርደሪያው ላይ ወደ ተቀመጠች ክብ ስፒከር ጠቆመች። ሰውዬው መሞታቸው ሲታወቃቸው፣ ሚስታቸው ከእሳቸው በቀር ለማንም እንደማትታዘዝ ያውቃሉና፣ ድምፃቸውን ቀድተው ሄዱ። ልጃቸው ቅጂውን ስፒከሩ ላይ ጫነው። በየጠዋቱ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሟቹ ይናገራሉ፦ «ሰዓቱ ደርሷል፣ የኔ እመቤት። መድኃኒትሽን ዋጪ።»

«እማማ ‹እሺ› ብለው ይውጣሉ። እኔ ደግሞ ከማድ ቤት ‹ውጠዋል፣ ጋሼ!› ብዬ እጮሃለሁ። ለቀልድ ነበር የጀመርኩት። ኋላ ግን... ሳልለው ከቀረሁ ቀኑ አይጀምርልኝም።» ዘንቢሏን አጥብቃ ያዘች። «የሚረሱት ነገር ብዙ ነበር። መዋጣቸውንም ይረሳሉ። ግን እኔ እያለሁ አይደግሙም። እኔ እያለሁ!»

የኢንስፔክተሯ ስልክ ጮኸ። አዛዡ ነው። ጥርስ ሐኪሙ የስንቱን ባለሥልጣን ጥርስ እንደነቀለ እግዜር ይወቅ፣ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል።

«አስታማሚዋን አምጪያት» አለ። «እስከ ነገ አስራ አንድ ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽ ክሱ በእሷ ላይ ይከፈታል። ቃል አትጨምሪ።»

ቃል አልጨመረችም። አስታማሚዋን፣ ከሥራዋ ሮጣ በደረሰችው በባልቴቷ ሴት ልጅ ፊት ሲወስዷት አልጮኸችም፤ ከበሩ ዘወር ብላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ብትፈቱኝም እንኳ፣ ከእንግዲህ በሽተኛዋን አደራ የሚለኝ ማን አለ? ሠርቼ የምበላበት እጄ እኮ ነው የታሰረው።»

* * *

የባልቴቷ ሴት ልጅ መምህርት ናት። ጠዋቱን በሙሉ አርባ ሦስት ተማሪ ፊት ቆማ ክፍልፋይ ስታስተምር ነበር። አርባ ሦስት ልጅ ደግሞ ዋሽቶ አይስማማም፤ ኢንስፔክተሯ ይህን ከራሷ ልጆች ታውቃለች፤ የእሷ ሁለት ናቸው፣ እነሱም ተስማምተው አያውቁም።

«ባልሽስ?»

«ከኋላ ቤት ነው የሚሠራው» አለች መምህርቷ። ፊቷ ዝግ ነው፤ በር ቢሆን ኖሮ መቀርቀሪያው ሁለት ነው። «እሱ ምን አደረገ ልትይኝ ነው?»

«እስካሁን ምንም አላልኩሽም።»

ባልየው ቀያሽ ነው፤ መሬት ይለካል፣ ወሰን ያሰምራል። ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ጠረጴዛው በካርታ ተሸፍኗል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፤ በዚያ ቤት ወንበር የሰጣት የመጀመሪያው ሰው ነው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ከከተማ ውጭ መሬት ስለካ ነበር።»

«ምስክር?»

«ችካሎቹ» ብሎ ፈገግ አለ። «ግን ኢንስፔክተር፣ በእኔ ጊዜዎን አያጥፉ። እኔ በዚህ ቤት ምንም ማድረግ አልችልም። ብፈልግም አልችልም። ሁለት ዋይፋይ ነው ያለን፤ አንዱ ‹ቤተሰብ› ይባላል፣ ሌላው ‹እንግዳ›። በ‹ቤተሰብ› ያለ ሰው ፕሪንተሩንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ያንን የእሳቸውን ስፒከርም እንደፈለገ ያዛል። በ‹እንግዳ› ያለ ሰው ኢንተርኔት ብቻ ይቃርማል፤ የቤቱን ዕቃ አያይም፣ ዕቃውም አያየውም። እኔ በየትኛው ያለሁ ይመስልዎታል?»

«ከተጋባችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?»

«አስራ ሁለት ዓመት። እሳቸው ‹አማቼ› ብለውኝ አያውቁም። ‹እንግዳው በላ? እንግዳው ወጣ?› ነው። አንዲት ገጽ ለማተም ሃያ ደቂቃ በእግሬ ወደ ማተሚያ ሱቅ እሄዳለሁ።» አሁንም ፈገግ ይላል።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጠረጴዛው አየች። ከላይ ያለው ካርታ በስተግራ ጠርዙ ቀጭን ግራጫ መስመር አለው። የመሬት ወሰን መሰላት። ስታልፈው ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ መርፌም አንዳንዴ ትደነዝዛለች።

ሲወጡ አስር አለቃው አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። «ያሳዝናል፣ አለቃ። አስራ ሁለት ዓመት!»

«ያሳዝናል» አለች። «አስራ ሁለት ዓመት የተሰደበ ሰው ስድቡን ሲተርክ ጥርሱ ለምን ይታያል?»

* * *

ከአጥሩ ማዶ፣ ከባልቴቷ መስኮት ትይዩ፣ አንዲት ጎረቤት የሰው ልብስ እየተኮሰች ታድራለች። መስኮቷ ክፍት ነው፤ ካውያዋ ይተነፍሳል።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለ አስር አለቃው።

«ተኳሽ ነኝ።»

እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

«ልብስ፣ ባክህ! ልብስ!» ሳቋ ካውያውን አንቀጠቀጠው። «እንዲህ እየደነገጥክ ነው እኛን የምትጠብቀን?»

«ዛሬ ጠዋት የሰማሽው ነገር ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። «ሟቹ ዛሬ ተቆጥተው ነበር።»

«የትኛው ሟች?»

«ባልየው ናቸዋ! እማማ ጆሯቸው ስለደከመ ያ ነገር ድምፁ እስከ ጣራ ነው፤ እኔ ሰዓቴን የማስተካክለው በእሱ ነው። ሌላ ቀን አንዴ ተናግረው ዝም የሚሉ ሰውዬ ዛሬ አራቴ! ‹ምን አስቀይሟቸው ይሆን?› እያልኩ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሳትጋበዝ ከልብሱ ክምር አጠገብ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አንድም ቃል አትዝለዪ።»

«የመጀመሪያው እንደ ወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰውየው ‹ሰዓቱ ደርሷል› አሉ፣ እማማ ‹እሺ› አሉ፣ ያቺ አስታማሚ ‹ውጠዋል፣ ጋሼ!› ብላ ጮኸች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ሰውየው እንደገና ጀመሩ። እማማ ‹እሺ› አሉ። ‹እሺ› አሉ ደግሞ። ቆየት ብሎ ሰውየው ሦስተኛ! እማማ ‹እሺ... እሺ፣ አሁን ዋጥኩ እኮ!› አሉ። በመጨረሻው ‹እሺ... እሺ፣ አትቆጣኝ›።»

ካውያዋን አስቀመጠች። «‹አትቆጣኝ› ሲሉ ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር። ያንን ሰምቼ ልብስ መተኮሴን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? የባልና ሚስት ነገር መሰለኝ።»

«ሁልጊዜ ሁለቴ ነው ‹እሺ› የሚሉት?»

«ኧረ የለም! አንዴ፣ እሱም ለባላቸው ብቻ! ዛሬ ግን ሁለት ሁለት። አንደኛው ኮስተር ያለ፣ ሁለተኛው የሚንቀጠቀጥ።»

«አስታማሚዋስ?»

«እሷ የመለሰችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ከአስር አለቃው ነጥቃ በራሷ እጅ «ሁለት እሺ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ አሰመረችበት።

* * *

የሞተ ሰው አራቴ ካልተናገረ፣ ያናገረው ሰው አለ። ስፒከሩን ደግሞ የገዛውም የገጠመውም ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ከክሊኒኩ ሆኖ በስልኩ ማዘዝ ይችላል። ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ክሊኒኩ በር ላይ ነበረች።

«እናቱ የሞተችበትን ሰው ትጠረጥሪያለሽ?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«እናቱ ያልሞተችበትን ሰው ምን ብዬ ልጠርጥር?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት። «እዪው! ስፒከሩ በፕሮግራሙ የተናገረው አንዴ ነው፣ ሁለት ሰዓት ላይ። እኔም ከሁለት ተኩል እስክትጠሩኝ ድረስ የአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነበርኩ።»

አፉ የተገኘበት ሰውዬ ተጠራ። ግማሽ ፊቱ አብጧል። «ሁለቱም እጁ እዚህ ነበር» አለ መንጋጋውን እያሳየ። «ሦስተኛ እጅ ካለው አላውቅም፤ ሕመሙ ግን የሦስት እጅ ነበር።»

«ሌላ ሰው ከራሱ ስልክ አንድ ድምፅ ወደ ስፒከሩ ቢልክስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ያ እኔ ጋ አይመዘገብም። ግን ‹ቤተሰብ› ላይ መሆን አለበት። እዚያ ያለነው እናቴ፣ እኔና እህቴ ነን። በየሳምንቱ ዝርዝሩን አያለሁ፤ የገባ ቢኖር ስሙ ይታየኛል። ያ ሰውዬ እንኳ አልገባም፣ አይገባምም።»

«የእህትዎን ባል ማለትዎ ነው?»

«እንግዳውን» አለ ጥርስ ሐኪሙ። «እሁድ ምሳ ላይ እናቴ ቁርጡን ነግራዋለች፦ ‹በወሩ መጨረሻ እንግዳው ይሸኛል። ልጄ ልትከተለው ብትፈልግ መንገዱ ክፍት ነው፤ ልትቀር ብትፈልግ አልጋዋ እንዳለ ነው።› እህቴ ሳህኗን አየች።»

«እሱስ?»

«ፈገግ አለ።»

መኪና ውስጥ ኢንስፔክተሯ ጥፍሯን ነከሰች። መግባት የሚችሉት ሁለቱ እጃቸው ተይዞ ነበር። የጠላቸው ሰው ደግሞ መግባት አይችልም። አምስት ሰዓት ሆኗል። አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ የአስታማሚዋ ክስ ይከፈታል፤ ተኳሿም «የሞተ ሰው ሲናገር ሰማሁ» ብላ ብትመሰክር የሚስቅባት እንጂ የሚሰማት አይገኝም።

* * *

ቀትር ላይ ወደ ባልቴቷ ቤት ተመለሱ። መምህርቷ በሩን ግማሹን ብቻ ከፈተች።

«ደግሞ መጣችሁ?»

«ደግሞ መጣን» አለች ኢንስፔክተሯ በጎኗ እየገባች። «የክፍሉን ፎቶ ለጣቢያ ልልክ ነው። የስልኬ ኢንተርኔት አልቋል።»

«‹እንግዳ›ን ያዢ። የይለፍ ቃሉ ‹ቶሎሂድ› ነው፤ ሳይለያይ ይጻፋል። ወንድሜ ነው ያወጣው።»

«ደግ ወንድም አለሽ።»

አስር አለቃውም ያቺን ‹ቶሎሂድ› ሰምቶ በስልኩ ጻፋት፤ ከዚያ ሰው ሳያየው ማድ ቤት ገባ። እሁድ ያመለጠውን ጨዋታ በቪዲዮ ሊያይ ነው። ድምፁን ሊቀንስ አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። እዚያ ላይ ነው ያ ጣት የዋለው።

«ጎ-ኦ-ኦ-ኦ-ል!»

ጩኸቱ ከማድ ቤት አልመጣም። ከሟቿ ክፍል ነው። መስኮቱ ነዘረ፤ መምህርቷ የያዘችው ብርጭቆ ወለል ላይ ተበተነ። ኢንስፔክተሯ በዚያ ጉልበቷ ሮጣ በሩን ስትበረግደው፣ ባዶውን ወንበር ፊት ለፊት ያቺ ክብ ስፒከር በሙሉ ድምፅዋ ኳስ ትተርካለች።

አስር አለቃው ላብ በላብ ሆኖ መጣ። «አለቃ፣ ማርያምን፣ እኔ ድምፁን ልቀንስ ብዬ...»

«ምኑን ነካህ? አሳየኝ።»

ቪዲዮው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። ስትነካ ዝርዝር ታወጣለች፦ የሳሎን ቴሌቪዥን። የእማማ ክፍል።

«አንተ በየትኛው ዋይፋይ ነህ?»

«በ‹እንግዳ›።»

«እንግዳ የቤቱን ዕቃ አያይም ተብለን አልነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ። የጠየቀችው አስር አለቃውን ነው፤ ያየችው ግን መምህርቷን ነው።

የመምህርቷ ፊት አመድ መስሏል።

* * *

«ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ቀን» አለች መምህርቷ። ስልኳን ከፍታ የዋይፋዩን ማስተካከያ አሳየቻቸው። ‹እንግዶች የቤቱን መሣሪያዎች እንዲጠቀሙ ይፈቀድ› ከሚለው ፊት ለፊት ያለችው ቁልፍ በርታለች። ቀኑም፣ የከፈተው ስልክም ተጽፏል። የእሷ ነው።

«ለምን?»

«ለፈቃድ ፈተናው የሚያቀርበው ካርታ ነበረው። ዝናብ ነበር። ወረቀቱን ከሸሚዙ ሥር አድርጎ ከማተሚያ ሱቅ ሲመለስ በመስኮት አየሁት። ቀለሙ ሆዱ ላይ ታትሞ ነበር።» ጣቶቿን እያፍተለተለች ቀጠለች። «‹ቤተሰብ› ላይ ብጨምረው ወንድሜ ስሙን ያያል፣ ለእማዬ ይነግራል። ስለዚህ እሱን ወደ እኛ ማስገባት ሲያቅተኝ ለእንግዳ ሁሉ ከፈትኩት።»

«ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። ራሱ እንዲያገኘው ፈለግኩ። አንድ ቀን ‹ፕሪንተሩ ታየኝ!› ብሎ እየሳቀ እንዲመጣ። በየቀኑ ጠበቅኩት።» ቀና አለች። «አልመጣም። ስላላየው ነው። አላየውም፣ ኢንስፔክተር! እስካሁን ሱቅ ነው የሚሄደው!»

ኢንስፔክተሯ በባልቴቷ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለውን የመድኃኒት ዝርዝር እያየች ነበር።

«ይሄን የት ነው ያተምሽው?»

«እዚሁ። በቤቱ ፕሪንተር። አርጅቷል፤ ያተመውን ሁሉ በግራ በኩል ይጭረዋል።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ከግድግዳው ላጠችው። «ዓይኔን ይጭረው» አለች ለራሷ። «ወሰን መስሎኝ!»

* * *

አስር ሰዓት ሆኗል። ቀያሹ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ዛሬም ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። ዝርዝሩን ከካርታው ጎን ዘረጋችው። ሁለት ወረቀት፣ በአንድ ጠርዝ፣ አንድ ጭረት።

«ማተሚያ ሱቅህ እዚህ ኮሪደር ላይ ነው እንዴ?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረደችው ያኔ ነው። ሰምቷታል።

«አንዴ... አንዴ ሞክሬ ነበር።»

«ሠርቶልህ ዝም አልክ። ሚስትህ በየቀኑ ሳቅህን ስትጠብቅ አንተ ያገኘኸውን ደበቅከው። ትናንት ደግሞ የት እንደነበርክ ብቻ ስጠይቅህ ስለ ስፒከሩ ነገርከኝ። በዚያ ሰዓት ስፒከሩን ማንም አልጠረጠረውም ነበር፤ እኔም። ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይዘህ ነው የጠበቅከኝ።»

«ይሄ ማስረጃ አይባልም። አስታማሚዋም ‹እንግዳ› ላይ ናት!»

«የአስታማሚዋ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። እንኳን ዋይፋይ፣ ባትሪም አይዝ። ሁለት ተኩል ላይ ወጣሁ ያልከው ያንተ ስልክ ግን ‹እንግዳ›ን የለቀቀው ለአራት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ዋይፋዩ መዝግቦታል። ችካሎቹ ያለ አንተ ሲለኩ ነበር? ስልክህን አምጣ።»

ሰጣት። ሲሰጣት ያ ፈገግታ ተመልሶ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ ባይ ፈገግታ ነው። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ለአስር አለቃው አቀበለችው። ኳስ በስልኩ የሚያሳድድ ሰው የተሰረዘ ፋይልም የት እንደሚተኛ ያውቃል።

«‹የተሰረዙ› ውስጥ አንድ ድምፅ አለ፣ አለቃ። ዘጠኝ ሰከንድ። ባለፈው ሳምንት የተቀዳ፣ ትናንት የተሰረዘ።»

«ክፈተው።»

ከስልኩ የሽማግሌው ድምፅ ወጣ፣ በበር በኩል እንደተቀዳ ታፍኖ፦

«ሰዓቱ ደርሷል፣ የኔ እመቤት። መድኃኒትሽን ዋጪ።»

ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ኮስተር ያለ፦

«እሺ።»

ቅጂው እዚያ ላይ ተቆርጧል።

ከበሩ ላይ አንድ ነገር ወደቀ። መምህርቷ ናት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም አላየም። «እማዬ» አለች ወለል ላይ እንደተቀመጠች። «እማዬ ናት።»

«የመጀመሪያው ‹እሺ› ይሄ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሁለተኛውን የሰማችው ጎረቤት ናት። እናትሽ ለቅጂው፣ ለራሳቸው ድምፅ ጭምር፣ እየተንቀጠቀጡ ነበር የሚታዘዙት።»

ቀያሹ ወደ ሚስቱ አላየም። «አስራ ሁለት ዓመት!» አለ። ፈገግታው አሁን ጠፍቷል፤ ከሥሩ የነበረው ፊት ጥርስ ብቻ ነው። «ስሜን አንድ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም! ውሻ እንኳ ስም አለው!»

«እሱን አምኜሃለሁ። አስታማሚዋስ ምን ብላህ ነው?»

«ማን?»

«በአንተ ፈንታ ትናንት የታሰረችው ሴት።»

«እሷማ...» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። «እሷ ሠራተኛ ናት።»

አስር አለቃው ካቴናውን አወጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋህ አልመሰለም።

«የቅጂውን ጫፍ የቆረጥከው የእሷ ‹ውጠዋል› እንዳይሰማ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለሠራተኛዋ ድምፅ ተጠንቅቀሃል። የአማትህን ‹እሺ› ግን ተውከው። አልሰማኸውማ! እሳቸው አንተን ባላዩህ ልክ አንተም አልሰማሃቸውም። አንድ ቀን ብቻ ጆሮ ብትሰጣቸው ኖሮ ትቆርጠው ነበር፣ እኔም እስካሁን የጥርስ ሐኪም እያሳደድኩ ነበር።»

ለአስራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ለአዛዡ ደወለች። «ሌላ ሰው አምጥቻለሁ» አለችው፤ ቃል አልጨመረችም።

* * *

ረቡዕ ጠዋት አስታማሚዋ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ኢንስፔክተሯ አብራት ገባች፤ ሥራዋ ስላልሆነ ምክንያት አልሰጠችም።

መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ፊት ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች።

«ሲወስዱኝ እዚህ ጋ ነበሩ» አለች አስታማሚዋ ሻንጣዋን እየዘጋች። «አራት ዓመት በአንድ ማድ ቤት! ‹እሷ አታደርገውም› የምትል አንዲት ቃል ከአፍዎ ጠፋች?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

መምህርቷ መልሱን ታውቀዋለች። ዓይኗ ወደ ባሏ የኋላ ቤት ሄደ። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ክፍሏ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

አስታማሚዋ በእማማ ክፍል በኩል ስታልፍ ቆመች። ወንበሩ ባዶ ነው። የመድኃኒት መያዣው ተወስዷል፤ የነበረበት ቦታ ብቻ አቧራ የለውም። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። «መስኮቱን ልዝጋው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ልክ ሁለት ሰዓት ነበር። ማንም ማጥፋቱን አላስታወሰም።

«ሰዓቱ ደርሷል፣ የኔ እመቤት» አለ ሽማግሌው ከመደርደሪያው ላይ፣ ጥርት ባለ፣ ፍቅር ባዘለ ድምፅ። «መድኃኒትሽን ዋጪ።»

ከዚያ ዝም። የ«እሺ» ቦታ ባዶውን ቀረ። ከአጥሩ ማዶ የካውያው ትንፋሽ ቆመ፤ ተኳሿም እያዳመጠች ነው።

አስታማሚዋ ወደ ስፒከሩ ተጠጋች። በየቀኑ ከማድ ቤት የምትጮኸውን አሁን በሹክሹክታ ነገረችው።

«ውጠዋል፣ ጋሼ» አለች። «ውጠዋል። ይበቃቸዋል።»

ሶኬቱን ነቀለችና ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች።